ስንጥቁን ማን ድፈኑ አላችሁ?

ካቻቢቴው እስከ እጀታው ድረስ ገባ። እንጨቱ ኦክ ነው፤ ከ400 ዓመት በላይ ቆሞ አንድ ሙሉ ግድግዳ የተሸከመ የግርጌ አግዳሚ። ከውጭ ላየው ሰው ቤቱ እንከን የለውም። እንጨቱ በጥቁር ቀለም ያብረቀርቃል፣ በእንጨቶቹ መሀል ያለው ነጭ ግድግዳ በሲሚንቶ ተለስኗል፣ አንዲት ስንጥቅ እንኳ አትታይም። በምዕራብ እንግሊዝ ያለ የመንደር ኢን ነው፤ ስሙ ይቆየን። ኢን የምለው መንገደኛ የሚያድርበትን፣ የመንደሩ ሰው ደግሞ ማታ ማታ ቢራውን ይዞ የሚያወጋበትን ቤት ነው። ግድግዳው ከተጠገነ ገና 30 ዓመት ቢሆነው ነው ሲባል ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። ያን ሁሉ ዘመን ዝናብ ያልበገረው እንጨት፣ በተጠገነ በ30 ዓመቱ እንደ ዳቦ የሚበሳው ምን አግኝቶት ነው?

"ሲሚንቶ ነዋ!" ብሎ ማለፍ ይቻላል። ሙያተኞቹም ብዙ ጊዜ በዚህች ቃል ነው የሚገላገሉት። እኔን ግን አላጠገበችኝም። ሲሚንቶው በትክክል ምን አደረገ? ለምን ግርጌው ላይ? ውጭው ደህና መስሎ ለምን ከውስጥ? ይህን ለመመለስ ቤቱ መጀመሪያ እንዴት እንደቆመ ከእግሩ እስከ ራሱ ማየት ያስፈልጋል።

## የመነኮሳቱ ማረፊያ

የእነዚህን ቤቶች አሠራር ለማስረዳት ከጆርጅ ኢን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የሚገኘው በሰመርሴት፣ ከባዝ ከተማ በስተደቡብ፣ ኖርተን ሴንት ፊሊፕ በምትባል መንደር ነው። ስሙ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። እኛ ዘንድ ሰማዕቱ በቢራ ጠርሙስ ላይ እንደሚጋልበው ሁሉ፣ እንግሊዝም ስንቱን መጠጥ ቤት በስሙ ሰይማለች።

ያሠሩት መነኮሳት ናቸው። በአቅራቢያው ያለውን የሂንተን ቻርተርሃውስ ገዳም በ1232 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመሠረተችው የሶልዝበሪዋ ካውንቴስ ኤላ ናት። የካርቱዚያን ማኅበር መነኮሳት እያንዳንዳቸው በየበዓታቸው ተዘግተው በዝምታ የሚኖሩ ናቸው፤ ገዳሙን የሚያኖረው ግን የበግ ጸጉር ነበር። የጸጉር ገበያ በሚውልበት ጊዜ ነጋዴ ማሳደሪያና ሸቀጥ ማከማቻ ያስፈልጋል። ስለዚህ በ14ኛው መቶ ዓመት ይህን ቤት አቆሙ። ታች ይበላል ይጠጣል፣ መሀል ፎቅ ላይ ይታደራል፣ ከጣሪያው ሥር ጸጉር ይከመራል። ገዳሙ በ1539 ተዘጋ፤ ማረፊያው ግን ሥራውን ቀጠለ። በዕለት ማስታወሻው የሚታወቀው ሳሙኤል ፒፕስ በ1668 ሲያልፍ ምሳውን እዚህ በልቷል። በ1685 ንጉሡ ላይ ያመፀው የሞንማውዝ መስፍን ጦሩን ይዞ እዚህ አድሯል። ታሪኩን በየግድግዳው ሰቅለውታልና አላሰለቻችሁም፤ እኔ የምፈልገው ግድግዳውን ራሱን ነው።

መንገድ ዳር ቆማችሁ ፊቱን ብታዩት ምድሩ የተጠረበ ድንጋይ ነው። በላዩ ያሉት ሁለት ፎቆች የእንጨት አጽም ናቸው፤ ይህ የእንጨት ክፍል ከድንጋዩ በኋላ፣ በ15ኛው መቶ ዓመት የመጣ ነው። እያንዳንዱ ፎቅ ከሥሩ ካለው አልፎ ወደ መንገዱ ይወጣል። ጣሪያው በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድኗል። በጓሮ በኩል ከግድግዳው የወጣ ባለ ብዙ ማዕዘን የደረጃ ግንብና የእንጨት ሰገነት አለ። ሰገነቱ ትርፍ ጌጥ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን በክፍሎች መሀል ኮሪደር ማውጣት ስላልተለመደ፣ እንግዳው የሌላውን መኝታ ሳያቋርጥ ወደ ክፍሉ የሚደርሰው በውጭ ነበር።

መጠጥ መቅጃው ባንኮኒ ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ጥንታዊ አይደለም። ቢራ ከምድር ቤት በማሰሮ እየተቀዳ ወደ እንግዳው ይመጣ ነበር። የእጅ ፓምፕ ከተስፋፋ በኋላ ነው ባንኮኒ በየኢኑ የገባው፤ ጆሴፍ ብራማ በ1797 የፓተንት መብት ያገኘበት ፓምፕ ለዚህ ድርሻ አለው። ስለዚህ አሮጌ ኢን ውስጥ ባንኮኒ ባለበት ቦታ ብዙ ጊዜ የተቆረጠ ግድግዳ ወይም የተነሳ ምሰሶ አለ። ፎቁ ከላዩ ጎበጥ ብሎ ከሆነ ምክንያቱን እዚያው ፈልጉት።

## እርጥብ እንጨት

አናጺዎቹ ኦኩን የሚሠሩበት እንደተቆረጠ፣ እርጥብ ሳለ ነው። እርጥብ ኦክ ለመጥረቢያና ለመሮ ይታዘዛል፤ የደረቀው መሣሪያ ያደነዝዛል። ይድረቅ ቢባልም የሚሆን ነገር አልነበረም። ኦክ ለመድረቅ በየ25 ሚሊሜትር ውፍረቱ አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ 250 ሚሊሜትር ምሰሶ ለማድረቅ 10 ዓመት መጠበቅ ነው። ይህ ልማድ ለታሪክ አጥኚዎችም በጅቷቸዋል። የእንጨቱ የመጨረሻ ቀለበት ከነልጣጩ ከተገኘ ዛፉ የተቆረጠበት ዓመት ይታወቃል፣ ቤቱም በዚያው ዓመት ወይም በቀጣዩ እንደተሠራ መገመት ይቻላል።

እርጥብ እንጨት ግን ይሸሻል። ኦክ ሲደርቅ በቁመቱ ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለውም፤ በወርዱ ግን እንደ አቆራረጡ ከ4 እስከ 7 ከመቶ ይሸበሸባል። በ250 ሚሊሜትር ምሰሶ ላይ ይህ ከ10 እስከ 18 ሚሊሜትር ይደርሳል። አናጺው ይህን ያውቃል፤ ግጥሙንም የሚሠራው ለሚመጣው መሸብሸብ ተዘጋጅቶ ነው።

ግጥሙ ወንዴና ሴቴ ነው። የወንዴው ምላስ ብዙ ጊዜ 38 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። መጀመሪያ ሴቴው ጉድጓድ ያለበት እንጨት ለችንካር ይበሳል። ከዚያ ምላሱ ላይ የሚበሳው ቀዳዳ፣ ሆን ተብሎ፣ 3 ሚሊሜትር ያህል ወደ ትከሻው፣ ምላሱ ወደሚነሳበት፣ ይጠጋል። ሁለቱ ቀዳዳዎች ፊት ለፊት አይገናኙም ማለት ነው። 20 ሚሊሜትር ገደማ የሆነው ችንካር ሲመታ በተጣመመው መንገድ ለማለፍ ሲል ምላሱን ይስበውና ግጥሙን ያጠብቀዋል። እንጨቱ እየደረቀ ሲሄድም መሳቡን አይተውም። ችንካሩ ከደረቀ ኦክ፣ በመጋዝ ሳይሆን በመፍለጥ የሚወጣ መሆን አለበት፤ የተፈለጠ እንጨት ጭረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለማይቋረጥ ቢጎብጥም አይሰበርም። የቀዳዳዎቹን መራራቅ ከ5 ሚሊሜትር በላይ ያሳለፈ አናጺ ችንካሩን ይሰብራል ወይም የምላሱን ጫፍ ይሰነጥቃል። ጨርሶ የተወው ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ግጥሙ አፉን ከፍቶ ያገኘዋል። የብረት ምስማር በእንጨት አጽሙ ውስጥ ቦታ የለውም። በኦክ ውስጥ ያለው አሲድ ብረቱን ይበላዋል፣ በዙሪያውም ጥቁር ሰማያዊ እድፍ ይተዋል።

አጽሙ ተቆርጦ የሚገጠመው መጀመሪያ በአናጺው ግቢ፣ መሬት ላይ ተዘርግቶ ነው። ከዚያ ተፈታቶ በጋሪ ወደ ቦታው ይሄዳል። የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም እንዳይጠፋ በየግጥሙ የሮማ ቁጥር ይጫራል፤ አራትን በአራት ጭረት ነው የሚጽፉት፣ እንጨቱ ተገልብጦ ቢታይ እንዳያሳስት። ኢን ውስጥ ተቀምጣችሁ ከራሳችሁ በላይ ጭረቶቹን ብትፈልጉ ብዙ ጊዜ ታገኛላችሁ። አጠገባቸው ባዶ የቀረ ሴቴ ጉድጓድ ካያችሁ ደግሞ የቤቱ አሳላፊ "ከመርከብ የተወሰደ እንጨት ነው" ሊላችሁ ይችላል። ከባሕር ርቀው በገጠር መሀል ያሉ ኢኖች ሳይቀሩ ይህን ያወራሉ። ባዶው ጉድጓድ በአብዛኛው የሚናገረው ከመርከቡ ወሬ ያነሰ ነገር ነው። እዚያ ድሮ ግድግዳ ነበረ፣ ፈርሷል፤ ወይም እንጨቱ ከሌላ ቤት ወይም ጎተራ መጥቷል።

ስለ ወጣ ያለው ፎቅም አንድ ነገር ልበል። "በጠባብ መንገድ ላይ ቦታ ለማግኘት ነው" የሚለው ማብራሪያ ለለንደን ይሠራ ይሆናል፤ ዙሪያዋ ሜዳ ለሆነች የገጠር መንደር ግን አይዋጥልኝም። የወለሉ አግዳሚዎች ከታችኛው ግድግዳ አልፈው ሲወጡና የላይኛው ግድግዳ ጫፋቸው ላይ ሲያርፍ፣ ጫፉ ወደ ታች ሲገፋ መሀሉ ወደ ላይ ይነሳል፤ የወለሉ እርግብግብታም ይቀንሳል። አግዳሚዎቹ በዚያ ዘመን በጠባብ ጎናቸው ሳይሆን በጠፍጣፋው ተጋድመው የሚቀመጡ ስለነበሩ ይህ እርዳታ ያስፈልጋቸው ነበር። የላይኛው ፎቅ ለታችኛው ዝናብ ይከልላል፤ ከምድር እስከ ጣሪያ የሚደርስ ረጅም ምሰሶ ፍለጋም ይቀራል። ከሁሉ በላይ ግን ሀብት ማሳያ ነበር። ብዙ ኦክ የፈጀ ቤት ከሩቅ "እዚህ ገንዘብ አለ" ይላል፤ ነጋዴ የሚጠራውም ይህ ነው።

በዚህ አጽም ላይ ሰው ከሚፈጽመው በደል የመጀመሪያው አንዲት እንጨት መቁረጥ ነው። ከጣሪያው ሥር ሁለቱን ግድግዳዎች እርስ በርስ የሚያስሩ ትልልቅ ማሰሪያ አግዳሚዎች አሉ። ጣሪያ ሥር መኝታ ክፍል ላውጣ ያለ ሰው ራሱን እየመታ ሲቸገር መሀሏን ቆርጦ በር ያደርጋታል። ጣሪያው በዚያ ቀን አይወድቅም። ግድግዳዎቹ ግን በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ውጭ መከፈት ይጀምራሉ፣ የጣሪያው አናት ይጎብጣል፣ ከ50 ዓመት በኋላ ሌላ ባለቤት ይከፍላል። ዘመም ብሎ የቆመ ቤት ሁሉ ግን ታሟል ማለት አይደለም። እርጥቡ እንጨት ሲደርቅ ዘምሞ እዚያው የቆመና ዛሬም እየሄደ ያለው የሚለዩት ቱንቢ አውርዶ፣ ምልክት አድርጎ፣ ቢያንስ ዓመት ሙሉ በየወቅቱ በመለካት ነው።

## ማገርና ምርጊት

በእንጨቶቹ መሀል ያለውን ክፍት ቦታ በምን ይሞሉታል? እዚህ ላይ የአገራችን አንባቢ ባዳ አይሆንም፤ ጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ከላይኛው አግዳሚ በታች በኩል ቀዳዳዎች ይበሳሉ፣ ከታችኛው በላይ በኩል ቦይ ይቆፈራል። የተፈለጡ የኦክ ቋሚዎች ከላይ ይሰኩና ከታች በቦዩ ተንሸራትተው ይቆማሉ። በእነዚህ መሀል ሄዝል ከሚባለው ቁጥቋጦ የተቆረጠ ቀጭን ቅርንጫፍ እንደ ማገር ይጎነጎናል። ከዚያ ሸክላማ አፈር ከተከተፈ የስንዴ ጭድና ከከብት እበት ጋር በእግር ይረገጣል። የእኛ ሰው የጤፍ ጭድ ይጨምራል፣ እነሱ ጤፍ የላቸውም፤ ሌላው ያው ነው። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ይይዘዋል፣ እበቱ ያጣብቀዋል።

ምርጊቱን ሁለት ሰው፣ አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ፣ በአንድ ጊዜ ፊት ለፊት ቢመቱት ጭቃው በማገሩ መሀል ይያያዛል። አንድ ሰው ብቻውን ከአንድ ወገን ከመረገ ከኋላው ባዶ ኪስ ይቀራል፣ ሲደርቅም ቅርፊቱ ተነስቶ ይወድቃል። በአማካይ ከ75 እስከ 100 ሚሊሜትር ውፍረት ይኖረዋል። ከላዩ የኖራ ልስን ይመጣል። የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ገደማ ይቃጠላል፣ በውሃ ይፈላል፣ ከዚያ ሊጥ የሆነው ኖራ ቢያንስ 3 ወር ተከድኖ ይቆያል። አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ ሻካራ አሸዋ፣ የፍየል ጸጉር ተበትኖበት፣ በአንድ ጊዜ ከ10 ሚሊሜትር ያልበለጠ ይለሰናል። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ስለሆነ አይቸኩልም። ፀሐይና ነፋስ ቶሎ ካደረቁት ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ እርጥብ ጆንያ ይጋረድበታል። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች ከሆነ ሥራው ይቆማል፤ ውርጭ ያገኘው ትኩስ ልስን በጸደይ ተልጦ ይወርዳል። የእንግሊዝ የኖራ ሠራተኛ ከጥቅምት ማለቂያ በኋላ ውጭ ግድግዳ ላይ እንዲሠራ ቢለምኑት እምቢ የሚለው ለዚህ ነው።

## ስንጥቁ

አሁን ወደ ከነከነኝ ነገር። ኦክ አንዴ ከደረቀም በኋላ አያርፍም። በክረምት አየሩ ሲረጥብ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይኮማተራል። የጭቃው ክፍል ግን እንደ እንጨቱ አይሄድም። ስለዚህ በእንጨቱና በግድግዳው ድንበር ላይ ቀጭን ስንጥቅ መኖሩ የማይቀር ነው። በአሮጌው አሠራር ይህ ስንጥቅ ነውር አልነበረም። ዝናብ ይገባበታል፤ ግን ጭቃውም ኖራውም እርጥበቱን ይመጥጡትና ነፋስ ሲነፍስ በሰፊው ገጻቸው መልሰው ይተፉታል። እንጨቱም ሳይቀባ ወይም በኖራ ውሃ ብቻ ተቀብቶ ስለሚኖር በራሱ በኩል ይደርቃል። ቤቱ ይረጥባል፣ ይደርቃል። ቁም ነገሩ መድረቁ ላይ ነው።

ስንጥቅ ግን ዓይን ይወጋል። ነፋስም ያስገባል፣ እንግዳም ያጉረመርማል። ስለዚህ በ20ኛው መቶ ዓመት አንድ ጠጋኝ መጣ፤ ሰበብ አላጣም፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ ስንጥቁን ለመዝጋት የጭቃውን ገጽ አንስቶ በሲሚንቶ ለሰነ። ይህ የሚደረገው ደግሞ በበጋ ነው፣ ስንጥቁ እጅግ በተከፈተበት ጊዜ። ሲሚንቶው ክፍተቱን ሞልቶ ደረቀ። ክረምት መጣ፣ ኦኩ አበጠ፣ የሚያብጥበት ቦታ የለውም። ሲሚንቶ አይሸሽም፤ የተጨፈለቀው የእንጨቱ ጠርዝ ነው። በጋ ሲመለስ እንጨቱ ተኮማተረ፣ አሁን ግን ከተጨፈለቀ ጠርዙ ጋር። አዲስ ክፍተት ተወለደ፣ የጸጉር ያህል ቀጭን።

የጸጉር ያህል ቀጭን መሆኑ ነው መዘዙ። የጣት ያህል ስንጥቅ ውሃ ያስገባል፣ ነፋስም ያስገባል፤ ይደርቃል። የጸጉር ያህሉ ውሃን ራሱ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ነፋስ ግን አያሳልፍም። በላዩ ላይ ሲሚንቶው አይተነፍስም፣ ጥቁሩ ቀለም አይተነፍስም። ያ ጥቁርና ነጭ መልክ ራሱ በአብዛኛው የቪክቶሪያ ዘመን፣ የ19ኛው መቶ ዓመት፣ ፋሽን ነው፤ ከዚያ በፊት ብዙው ኦክ ግራጫውን ለብሶ ወይም ከግድግዳው ጋር አብሮ ኖራ ተቀብቶ ነበር የሚኖረው። የገባው ውሃ መውጫ ሲያጣ በሲሚንቶው ጀርባ ቁልቁል ይወርዳል። የሚያርፈው የት ነው? የቋሚዎቹ መሰኪያ ቦይ ያለበት የግርጌው አግዳሚ ላይ። ያ ቦይ በስተላይ የተከፈተ ገንዳ ሆነለት ማለት ነው።

ካቻቢቴው የገባው እዚያ ነው። ሲሚንቶው ተነስቶ ቦዩ ሲታይ ነው ነገሩ የገባኝ። ስንጥቁ ጉዳት መስሎ ታየ እንጂ የቤቱ መውጫ በር ነበር፤ የተዘጋውም በሩ ነው።

የተቀረውን ፈንገስ ይጨርሰዋል። የእንጨት እርጥበት ከ20 ከመቶ ካለፈ የመበስበስ አደጋ ይጀምራል። ፈንገስ ያለሰለሰውን ኦክ ደግሞ ዴዝዎች የሚሉት ጥንዚዛ ይወደዋል። የጥንዚዛው እጭ በእንጨቱ ውስጥ እየበላ ለዓመታት፣ አንዳንዴም እስከ 10 ዓመት ይቆያል። ጸደይ ላይ ጥንዚዛ ሆኖ 3 ሚሊሜትር በሚሆን ቀዳዳ ይወጣል፤ ጓደኛውን ለመጥራት በጭንቅላቱ እንጨቱን ሲመታ ጸጥ ባለ ሌሊት ይሰማል። ብዙ ሰው መርዝ ለመርጨት ይቸኩላል። መርዙ ከገጹ ጥቂት ሚሊሜትር አያልፍም፤ ጥንዚዛው ያለው በእንጨቱ ልብ ውስጥ ነው። እንጨቱን አድርቁት፣ እሱ ራሱ ይመናመናል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። 30 ዓመት ሙሉ ከውጭ አንድም ምልክት አልነበረም፤ ያ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ቅርፊት ሆኖ ቅርጹን ይዞት ነበር።

ይህ የእንግሊዝ ብቻ ጣጣ አይደለም። የጎንደር ግንቦች በኖራ የተሠሩ ናቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በአርማታ ብረት ተጠግነው ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ በኋላ የመጡት የጥገና ሥራዎች ወደ ኖራው የተመለሱት በዚህ ምክንያት ነው። ድንጋይም ሆነ እንጨት፣ ከራሱ የጠነከረ መጋጠሚያ ሲያገኝ የሚጎዳው እሱ ነው።

## ጥገናው

መጀመሪያ ከቤቱ ውጭ ይታያል። በዘመናት ውስጥ መንገዱ በአስፋልት ላይ አስፋልት እየተደረበ ከፍ ይላል፣ የግርጌው አግዳሚ የተቀመጠበት የድንጋይ እርከን ይቀበራል። መሬቱ ከእንጨቱ ቢያንስ 150 ሚሊሜትር ዝቅ እስኪል ካልተቆፈረ፣ አሸንዳውም ካልተጠገነ፣ ሌላው ልፋት ከንቱ ነው። ከዚያ ሲሚንቶው ይነሳል። በመዶሻ አይደበደብም፤ ንዝረቱ ከጀርባ ያለውን አሮጌ ምርጊት ያረግፈዋል። ጠርዙ በቀጭን መሮ እየተፈለቀቀ በቁራጭ በቁራጭ ይላቀቃል። ከሥሩ ብዙ ጊዜ ደህና የሆነ የ300 ዓመት ጭቃ ይገኛል። የወደቀውም ምርጊት አይጣልም፤ በውሃ ተነክሮ፣ ትንሽ አዲስ ጭድ ተጨምሮበት እንደገና ይመረጋል።

የግርጌው አግዳሚ በሙሉ አይለወጥም። ፎቁ በድጋፍ ይያዝና የበሰበሰው ብቻ እስከ ደህናው እንጨት ድረስ ይቆረጣል። አዲሱ ኦክ በገደድታ በተጠረበ ረጅም ቅጥያ ይገጠማል። የቅጥያው ርዝመት ቢያንስ የእንጨቱን ውፍረት ሁለት እጥፍ ካልሆነ ሸክሙን አያስተላልፍም። ብሎን ካስፈለገ ዝገት ከማይዘው ብረት መሆን አለበት፤ ምክንያቱን ስለ ምስማር ስናወራ አይተነዋል። የእንጨት መሙያ ኬሚካል በበሰበሰው ላይ መሙላት ለጥቂት ዓመት ያምራል፤ ከእንጨቱ ጋር ስለማይሄድ ግን ያንኑ የጸጉር ስንጥቅ ይወልዳል። ነፋስ የሚያስቸግር ከሆነ የድንበሩ ክፍተት ከውስጥ በኩል በበግ ጸጉር ተጠቅጥቆ፣ በላዩ ጸጉር የተቀላቀለበት ኖራ ስስ ተደርጎ ይያዛል። ሁለቱም ሲጨመቁ ይሸሻሉ። ከውጭ ግድግዳው 4 ወይም 5 ጊዜ፣ ወተት በሚመስል ቀጭን የኖራ ቀለም ይቀባል፤ አንድ ጊዜ በወፍራሙ የቀባ ሰው በወሩ ሲረግፍ ያየዋል።

ይህን ሁሉ ያለ ፈቃድ መጀመር አይቻልም። በእንግሊዝ በቅርስነት የተመዘገቡ ሕንፃዎች ሦስት ደረጃ አላቸው፤ ጆርጅ ኢን ከፍተኛው፣ አንደኛው ላይ ነው። በ1990 በወጣው ሕግ መሠረት የቤቱን ባሕርይ የሚለውጥ ሥራ ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው፤ በገዛ ቤት ላይ ቢሆንም። ፈቃዱ ያንገሸግሻል፣ ወራት ይወስዳል። ለእኔ ግን የሚቸኩለውን ሰው ማዘግየቱ ራሱ ግማሽ ጥገና ነው። ባለቅኔውና ንድፍ ሠሪው ዊልያም ሞሪስ በ1877 የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርን ሲመሠርት ጠላቱ ቤት የሚያፈርሱት ብቻ አልነበሩም፤ ይልቁንም "አድሰን እናሳምር" የሚሉት ነበሩ።

## ምድጃው

ያው በሽታ፣ ላሻሽል ብሎ መጉዳት፣ ከምድጃው ዙሪያም አለ። ጥንት ምድጃው በአዳራሹ መሀል ነበር፣ ጭሱም በጣሪያው እያለፈ ይወጣ ነበር። የጣሪያ እንጨቶች ላይ የሚታየው ጥቀርሻ የዚያ ዘመን ማስረጃ ነው። ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሰፋፊ የጭስ ማውጫዎች ገቡ፤ ሰው ውስጣቸው ገብቶ የሚቀመጥባቸው፣ አፋቸው ላይ ወፍራም የኦክ አግዳሚ ያላቸው። ዛሬ በእነዚህ ውስጥ የተዘጋ የብረት ምድጃ ይተከላል። ሙቀት አይባክንም፣ እንጨት ይቆጥባል። ጣሪያው ድንጋይ ከሆነ ብዙም አያስፈራም፤ ሣር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በደንብ የሚስብ ምድጃ የጋለ ፍም ይዞ እስከ አናት ያወጣል፣ ደረቅ ሣር ላይ ያሳርፈዋል።

በዉስተርሸር፣ ብሬትፎርተን መንደር ያለው ፍሊስ ኢን የሣር ክዳኑ በ2004 ተቃጥሏል። ቤቱ በመካከለኛው ዘመን የተሠራ የገበሬ ቤት ነበር፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ኢን ሆነ። የመጨረሻዋ ባለቤት ሎላ ታፕሊን በ1977 ስትሞት ናሽናል ትረስት ለሚባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት አወረሰችው፤ ድንች ጥብስ በፓኮ እንዳይሸጥበት አደራ ብላ። ቤቱ ተጠግኖ በቀጣዩ ዓመት ተከፈተ። ለሣር ክዳን የሚሰጠው ምክር የጭስ ማውጫው አናት ከሣሩ አናት ቢያንስ 1.8 ሜትር ከፍ እንዲል፣ በዓመት ሁለቴ እንዲጠረግ፣ እርጥብ እንጨት እንዳይነድበት ነው። አናቱ ላይ የሚደረገው የብልጭታ ወንፊት ብዙዎች የሚተማመኑበት ነው፤ በቅጥራን ተደፍኖ ራሱ ይነዳልና ባይኖር ይሻላል።

ከእሳት በኋላ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ስለጠቆረው ኦክ ነው። ወፍራም ኦክ በደቂቃ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚከስለው። ግማሽ ሰዓት የነደደ 250 ሚሊሜትር አግዳሚ በየገጹ 15 ሚሊሜትር ያጣል፣ መሀሉ ግን ደህና ነው። መሐንዲሱ የቀረውን ለክቶ ሸክሙን ያሰላል እንጂ ጥቁር ስላየ አያስወጣውም። ከሰሉም ተፍቆ መነሳት የለበትም፤ የለቀቀው ብቻ በብሩሽ ይጠረጋል፣ የያዘው ይተዋል።